እሳት ምን አደረገሽ?

በያይነቱ ላይ ጥግ ይዛ የምትቀመጥ አንዲት ሰላጣ አለች። ታውቋታላችሁ። ሁለት ሦስት ቁራጭ ቲማቲም፣ በስሱ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ሳትወድ የመጣች የምትመስል ቃሪያ፣ ቀን ከቀናው ደግሞ ጠርዙ የጠወለገ አንድ ቅጠል። ሽሮው ይጠረጋል፣ ምስሩ ይከተላል፣ ጎመኑም ወረፋው ይደርሰዋል። ሰላጣዋን የሚነካት የለም። መጨረሻ ላይ አንዱ እጁን ይሰድና ከሥሯ ያለውን፣ ሎሚ የጠጣውን እንጀራ ይበላል። እሷ ከነክብሯ ወደ ጓዳ ትመለሳለች።

እዚህ ቆሰበር ምግብ ቤት ገብታችሁ "ምን ዓይነት ሰላጣ አለ?" ብትሉ አስተናጋጁ ቆም ብሎ ያያችሁና "ሰላጣ ነዋ!" ይላል። ዓይነት የሚባል ነገር ካለም ሁለት ነው፤ ቃሪያ ያለውና ቃሪያ የሌለው። የሌለውን ካዘዛችሁ ያለው ይመጣና ቃሪያው እፊታችሁ ይለቀማል።

ነገሩ ለዓመታት አስቆኝ ሲያልፍ ኖሯል። ባለፈው ጥር ግን የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣች።

የመጣችው ለፈረሰኞቹ በዓል ነበር። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ዐድዋ የዘመቱ ጀግኖችና ፈረሶቻቸው በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እዚሁ እንጅባራ ላይ ይዘከራሉ። (እንጅባራ የምትባለው ከተማና ቆሰበር አንድ ናቸው፤ ኮሶበር ብሎ የሚጽፋትም አለ። ወደዚህ ስም እመለሳለሁ።) ያን ሰሞን ቤቱ ሁሉ ይታረድበታል፣ ይጠመቅበታል፣ ይጋገርበታል። እናቴም የልጅ ልጇ መምጣቷን በሰማች ጊዜ ዶሮ አዘጋጅታ ነበር።

ልጅቱ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ "እምዬ፣ እኔ እሳት የነካው አልበላም" አለቻት።

እናቴ ዝም አለች። ቆይታ "ታመሽ ነው ወይስ ስለት አለብሽ?" ብላ ጠየቀች።

"ኧረ እምዬ! ለጤና ነው።"

"ታዲያ እሳት ምን አደረገሽ?"

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ በቅጡ የመለሰው የለም። ልጅቱ ስለ ኢንዛይም ጀመረች፤ ሙቀት ይገድለዋል፣ ምግቡ ሕይወቱ ይወጣል አለች። እናቴ "ሕይወቱ እንዲወጣ አይደል የምንቀቅለው?" ብላ ወደ ዶሮዋ ተመለሰች። ሳታውቀው ከትልልቅ ምሁራን ጋር ተስማምታለች። የሃርቫርዱ ሪቻርድ ራንግሃም እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰው ልጅ አንጎሉ ያደገውና ሆዱ የቀነሰው ምግቡን በእሳት ማብሰል ስለጀመረ ነው ብሎ ይከራከራል። በዚህ አያያዝ ከሄድን የአገራችን ዝነኛዋ ጥሬ በል ድንቅነሽ ናት። ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት አፋር ላይ ምድጃ የለም፣ ሚጥሚጣ የለም። መንጋጋዋ ግን እንደኛ አልነበረም፤ ያን ሁሉ ቅጠልና ሥር ሊያደቅ የሚችል ነበር። የእህቴ ልጅ በዚያ በኩል አልታደለችም፤ ጥርሷን ካሳሰረች ገና ዓመቷ ነው።

ጥሬ የመብላት ሐሳብ የዛሬ ዘመን ሐሳብ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ዙሪክ ውስጥ ቢርኸር-ቤነር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም ነበር። ጥሬ ፍራፍሬና ቅጠል የፀሐይን ኃይል ይዟል ብሎ በሽተኞቹን በጥሬ ይመግብ ነበር። የሙያ ጓደኞቹ ፊት ነሱት። እሱ ግን ተራራ ላይ የሕክምና ቤት ከፈተና የአውሮፓ ባለጠጋ ጎረፈለት። ዛሬ በየሆቴሉ ቁርስ ላይ ሙዝሊ የሚባለው የአጃ፣ የፖምና የለውዝ ድብልቅ የሱ ፈጠራ ነው። ሕክምናው በማለዳ ተነሥቶ መራመድ፣ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብና በጊዜ መተኛትም ነበረበት። እነዚህን ሦስቱን የዚሁ የኛው የባንጃ ገበሬ ሳይከፍል ያደርጋቸዋል።

እኛ ዘንድም ጥሬ መብላት እንግዳ አይደለም። ባሕታውያኑ ቅጠል በጥሰው፣ ሥር ምሰው በልተው ይኖራሉ ሲባል እየሰማን አድገናል። ልዩነቱ እነሱ ከመብላታቸው በፊት ፎቶ አያነሡም።

በነጋታው ገበያ ወጣን።

ቆሰበር ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ የተቀመጠች ናት። ብርዱ ብርድ ነው፤ ዝናቡም ከመጣ መሄጃውን ይረሳል። ይህ አየር የሚወደው ቀርከሃን፣ ገብስን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ድንችን ነው። ስለዚህ ገበያው ድንች ነው። በማዳበሪያ ከረጢት የተሞላ ድንች፣ በቁና ድንች፣ መሬት ላይ የተቆለለ ድንች። ልጅቱ ዞራ ዞራ መጣችና "ከዚህ ሌላስ?" አለችኝ።

ድንች በጥሬው አይበላም። ስታርቹን ሆድ አይፈጨውም፤ ፀሐይ አግኝቶት ልጣጩ አረንጓዴ የሆነው ደግሞ መርዝም አለው። ለኢትዮጵያ ድንችን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1858 ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው ይባላል። ያ ሰው በዚህ ምትክ አቮካዶ አምጥቶ ቢሆን ኖሮ የእህቴ ልጅ እንዲህ ባልተቸገረች። ለነገሩ አቮካዶው ባይሆን እንኳ ሌላው ከሩቅ አይመጣም፤ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ መራዊ ላይ 7,000 ሄክታር ያህል የሚያጠጣው የቆጋ መስኖ አለ፤ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ከዚያ ወገን ይመጣል።

ገበያውን ረጋ ብላችሁ ካያችሁት ከድንቹ ጀርባ ሌላ ገበያ አለ። ካሮት ከነቅጠሉ፣ ጭንቅላት የሚያክል ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ። ዝቅ ብለው ደግሞ በትንንሽ ጨርቅ ላይ የሚሰፍሩ ሴቶች አሉ፤ ፌጦ፣ ተልባ፣ ሰናፍጭ፣ ኑግ፣ ድንብላል። ልጅቱ እዚያ ጋ ቁጢጥ ብላ ቀረች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ሰላጣ አንድ ነው ብሎ የሚምለው አስተናጋጅ ይህን አላየም።

የመጀመሪያው ጥቅል ጎመን ነበር። እንደ ክር አቅጥና ከተፈችው፤ በጨው አሸችው፣ ውሃውን ሲያወጣ ጨመቀችው፣ ሎሚና ቃሪያ ጨመረችበት። እናቴ ቀመሰችና ምንም አላለችም። እናቴ ምንም ካላለች አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ ካሮት ፈግፍጋ በዝንጅብል፣ በሎሚና በዳንግላ ማር አሸችው። ይህን ሕፃናቱ ጨረሱት። በሦስተኛው ቀይ ሥር መጣ፤ ሳይቀቀል። እኛ ቀይ ሥርን የምናውቀው ከድንች ጋር ተቀቅሎ፣ ለስልሶ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው። ጥሬው ግን ጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል፣ አፈር አፈር ይላል፣ የነካውን ሁሉ ያቀላል። ያን ቀን ሊጠይቁን የመጡ ጎረቤት ሁላችንንም ከንፈራችን ቀልቶ አግኝተውን "እናንተ ዛሬ ጥሬ ሥጋ ነው እንዴ?" አሉ።

ምስር ዘፍዝፋ፣ ውሃውን እየለወጠች፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ አስበቀለች። ጭራ ማውጣት ሲጀምር ለእናቴ በኩራት አሳየቻት። አሜሪካ ውስጥ በውድ ይሸጣል ብላም ነገረቻት።

"ይኸማ ጉንቁል ነው" አለች እናቴ። "ባቄላ ጎንቁለን ቀቅለን ስንበላ የኖርን ሰዎች ነን። አሜሪካ መቀቀሉ ነው የጠፋት?"

ፌጦው ግን አጣላቸው። እናቴ ፌጦን የምታውቀው በጨርቅ ቋጥራ የምታስቀምጠው የሆድ መድኃኒት አድርጋ ነው። ልጅቱ አንድ ጭብጥ ሙሉ ዘግና ትሪ ላይ በእርጥብ ጨርቅ ዘራችው። በሳምንቱ ትሪው አረንጓዴ ለበሰ። አውሮፓውያን ቅጠሉን በመስኮታቸው ላይ አብቅለው ለሰላጣ ይቆርጡታል፤ አፍ ላይ እንደ ሰናፍጭ ቆንጠጥ የሚያደርግ ደስ የሚል ቅጠል ነው። እናቴ ትሪውን አይታ "መድኃኒቱን ለግጦሽ አደረገችው" አለች።

ኑግም ነበረ። ጎጃም ውስጥ ኑግ ሳይታመስ አይወቀጥም። ልጅቱ ግን ጥሬውን ወቅጣ፣ በውሃ አሽታ፣ አጥልላ ከሰላጣ ላይ ልታፈስ ስትል የእናቴ ትዕግሥት አለቀ። "ሳይታመስ?" ብላ ተነሣች፤ ሙቀጫውን ቀማቻት፤ ወደ ጓዳ ገባችና ከማዕዘን አንድ ክዳኑ የታሰረ ማሰሮ ይዛ ወጣች። ሰናፍጭ ነበር። ተበጥሮ፣ ተፈጭቶ፣ በውሃና በዘይት ታሽቶ፣ ጨው ተደርጎበት፣ ታፍኖ የከረመ የጾም ሰናፍጭ።

"እሳት ነክቶታል?" አለች ልጅቱ።

"ኧረ አልነካውም!"

በጥቅል ጎመኑ ላይ አንድ ማንኪያ አደረጉበት። ልጅቱ ጎረሰች፤ አፍንጫዋን ያዘች፤ እንባዋ ወረደ፤ ሌላ ጎረሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላጣው በየቀኑ ቢለዋወጥም ሰናፍጩ አልተለወጠም። ነገሩ የሚገርም አልነበረም። ከዓመቱ ግማሹን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲጾም የኖረ ሕዝብ ቅጠልን የሚያጣፍጥበት ብልሃት ያጣል ብሎ ማን ያስባል? ስንግ ቃሪያውን አስቡት። ሆዱ ተሰንጥቆ፣ ፍሬው ወጥቶ፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ተሞልቶ፣ እሳት ሳያይ የሚበላ። አዲስ አበባ ላይ በስመ ጥሬ ምግብ ቢሸጡት ዋጋው በሦስት እጥፍ ይጨምር ነበር።

አሁን ወደ አጎቴ ልምጣ።

አጎቴ ይህን ሁሉ ከበር ላይ ሆኖ ሲያይ ሰንብቷል። "ሰው ቅጠል ከበላ በሬው ምን ይበላ?" ይላል። ጥር 23 ቀን ደረሰ። ፈረሶቹ ሸምጥጠው፣ አቧራው ተነሥቶ፣ ሕዝቡ ከሜዳው ሲመለስ አጎቴ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ከፊቱ ሻኛ ከነጮማው፣ አዋዜ፣ ስለታም ቢላ። ያንን እየቆረጠ፣ እየነከረ፣ እየዋጠ ወደ ልጅቱ ዞሮ፦

"ጥሬ መብላት ደግ አይደለም። ሆድሽን ያምሻል" አላት።

ይህ የጥሬ ሥጋ ነገር አንድ የድሮ እንግዳ ያስታውሰኛል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ከኛ ብዙም ሳይርቅ ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር፤ ያለፈውም በአገው ምድር ነው። አገሩ ተመልሶ አበሾች ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ብሎ ቢያወራ ለንደን ሳቀበት። ታዋቂው ሳሙኤል ጆንሰን ሳይቀር ተጠራጠረው። ተናዶ ቆይቶ፣ መጽሐፉን በአምስት ቅጽ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1790 ነው። ዛሬ ለንደን ውስጥ ጥሬ በል መሆን የሥልጣኔ ምልክት ሆኗል። ብሩስ ትንሽ ቢቆይ ይካስ ነበር።

በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ብሩስ ስለ ኮሶ ዛፍ ጽፏል፤ ሥዕሉንም አትሟል። ከተማችን ስሟን ያገኘችው ከዚህ ዛፍ ነው ይባላል። እንግዲህ እዩት፤ አጎቴ ጥሬ የሚያወግዘው የጥሬ መድኃኒት ስም በተሸከመች ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ነው። በድሮ ጊዜ ሥጋ በል የሆነ ሁሉ የኮሶ ትሉን ለማስወጣት በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣ ነበር። የሴቴዋ ዛፍ ቀይ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጨለጣል። ያን ቀን ሰውዬው ከቤት አይወጣም፤ "ኮሶ ጠጥቷል" ከተባለም እንግዳው ምክንያት ሳይጠይቅ ይመለሳል። እንዲህ ያለ የተከበረ ሰበብ ዛሬ የለንም።

መድኃኒቱን ሰው ሁሉ ይፈልገው ነበር፤ ሻጭዋን ግን ይንቃት ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ገና ካሣ ሳሉ እናታቸው ኮሶ ሻጭ ነበሩ እየተባሉ ይሰደቡ ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ "የኮሶ ሻጭዋን ልጅ ይዤ አመጣዋለሁ" ብለው ፎክረው ቢዘምቱ ራሳቸው ተማረኩ። ካሣም እናቴ ዛሬ ኮሶዋ አልተሸጠላትም ብለው አጠጧቸው ይባላል። ታሪኩን ለአጎቴ ባስታውሰው "የኔው ኮሶ አሁን እንክብል ነው፤ ከመድኃኒት ቤት በወረቀት ተጠቅልሎ ይመጣል" አለኝ። ስለዚህ ያውቃል። አውቆ ነው የሚቆርጠው።

ልጅቱም የዋዛ አይደለችም። "የኮሶ ትሉ በሬው ውስጥ ከየት ገባ?" ብላ ጠየቀችው። አጎቴ በሬው ንጹሕ ነው፣ ሣር እንጂ ሌላ አይነካም አለ።

ነገሩ እሱ ጋ ነው። የኮሶ ትል እንቁላል ከሰው ዐይነ ምድር ወጥቶ ሜዳ ላይ ይወድቃል፤ ሣር ላይ ይጣበቃል፤ በሬው ይግጠዋል፤ ጡንቻው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ አጎቴ ደግሞ በአዋዜ ይቀበለዋል። ስለዚህ የአጎቴም ኮሶ መነሻው ያልታጠበ ቅጠል ነው። ሰላጣውን የበላው በሬው ብቻ ነው።

ይህን ስንለው ቢላውን አስቀምጦ ትንሽ አሰበ። ከዚያ አነሣው።

ልጅቱን ግን ነጻ አላወጣኋትም። ጥሬ ቅጠል እዚህ አገር የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። አሜባው፣ ጃርዲያው፣ ታይፎይዱ የሚመጣው በቆሸሸ ውሃና በቆሸሸ እጅ ነው፤ የቆሸሸ ወንዝ የጠጣ ሰላጣ ደግሞ ቅጠሉ መሐል ሸሽጎ ያመጣዋል። አቼቶ ውስጥ ዘፈቅ አድርጎ ማውጣት ሕሊናን ያጥባል እንጂ ሁሉንም ተሕዋስ አይገድልም። እሳት የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። "ጎመን በጤና" ያሉት አባቶቻችን ጎመኑን ቀቅለው ነበር ያሉት። ምግብ የሚያጠኑ ሰዎችም ነገሩን አንድ ወገን አያደርጉትም፤ ቫይታሚን ሲ ሲቀቀል ይቀንሳል፣ ካሮትና ቲማቲም ውስጥ ያለውን የቀለም ሀብት ግን ሰውነታችን የሚያገኘው ሲበስል የበለጠ ነው። ቅጠል ብቻ ብሎ የሚኖር ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 ከየት እንደሚያመጣ ያስብበት።

ሌላም አለ። እሷ የመጣችው በጥር ነው፤ ፀሐይ በሞላበት፣ ገበያው ባማረበት። ሐምሌ ላይ ብትመጣ ኖሮ፣ ጣሪያው ሳያባራ ሲንኳኳ፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ፣ ጭሱ ቤቱን ሲሞላ፣ ያን ቀዝቃዛ የካሮት ሳህን ማን ያቀርብላታል? ሐምሌ ላይ ቆሰበር ውስጥ የሚበላው ምድጃ ዙሪያ ተቀምጦ፣ ትኩስ ድንች ከእጅ እጅ እያገላበጡ፣ ልጣጩን እየላጡ ነው። እናቴም ስትሸኛት ያለቻት ይህንኑ ነው። "ክረምት ነይና እሳት ምን እንዳደረገሽ ንገሪኝ።"

ልጅቱ አልተሸነፈችም። እስክትሄድ ድረስ እሳት የነካው አልበላችም፤ ቡናው ሲቀር። ቡና እንደሚቆላ ማንም አላነሣባትም። ቤተሰብ ነን።

እናቴ በበኩሏ ጥሬ በል ላለመባል "ጎመን በሰናፍጭ" እያለች ረቡዕና ዓርብ ታቀርበዋለች። ጥቅል ጎመን በጨው ይታሻል፣ ይጨመቃል፣ ሰናፍጭ ይደረግበታል፤ በጎኑ ትኩስ ድንች አለ። ተርፎ ወደ ጓዳ ሲመለስ አላየሁም።

ለመጪው ጥር 23 የምትመጡ ካላችሁ ይህን ያዙልኝ። ቅጠሉን አንድ በአንድ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ ልጣጭ ያለውን ላጡ፤ ውሃው ካጠራጠራችሁ ለድስት ስጡት። ሥጋውን በጥሬው የምትሉ እንክብሉን ከመድኃኒት ቤት በዘፈቀደ ሳይሆን ሐኪም አይቷችሁ ውሰዱ። ድንች በጥሬው እንዳትሞክሩ። ሰናፍጭ ከኛ ቤት አለ፤ ማሰሮ ይዛችሁ ኑ።